‹‹ቡና›› ብላችሁ ጻፉ

እንደምን ዋላችሁ የጅማ ልጆች! ከአጋሮም ከሌላም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር መልክ ነው። ‹‹መልኩ ምን ያደርጋል፣ ዋናው መሥራቱ ነው›› የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ መርካቶ ቡና ትሸጣለች። ሒሳቧን የምትይዘው በደብተር ነበር። ባለፈው ክረምት 2 ጊጋባይት ራም (የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ብቻ ባለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩበትና ሰጠኋት። ዴስክቶፑ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የምናየው መልክ፣ ግኖም የሚባለው ነበር። ለእኔ ዓይን እንዲያምር ጥቁር ዳራ አደረግኩለት፤ ፊደሉንም ቀጭን አድርጌ መጠኑን 9 ላይ አቆምኩት። ሳምንት ሳይሞላ መልሳ አመጣችው።

‹‹አንተ፣ ይሄ ነገር ቡናን ቢና ነው የሚለኝ!››

ጠጋ ብዬ አየሁት፤ እውነቷን ነው። የካዕቡ ‹‹ቡ›› ጭረቱ ወገቡ ላይ ነው፤ የሣልሱ ‹‹ቢ›› እግሩ ሥር። በዚያ መጠን ጭረቱ ከአንድ ነጥብ አይበልጥም፤ ወገብና እግር ደግሞ ተጠጋግተዋል። ፊደላችን ልዩነቱን የሚሸከመው በእንዲህ ያለ ትንሽ ጭረት ነው። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም። እኔም መጠኑን ስመርጥ ይህን አላሰብኩትም፤ ማሰብ ያለብን ግን እኛ ነን።

ያን ቀን አብረን ተቀመጥን። ግኖሙ ብራውዘር ሲጨመርበት ቀጥ ይል ስለነበር ኤክስኤፍሲኢ በሚባል ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ቀየርኩት። ዳራውን ነጭ አደረግነው። ፊደሉ አቢሲኒካ ነበር፤ በወረቀት ላይ የብራና ጽሕፈት የሚያስታውስ ውብ ፊደል ነው፣ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ በዚያ ስክሪን ላይ ይጠፋሉ። በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተካነው። ዲፒአይ የሚለውን፣ የጽሑፉን ትልቀት የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ96 ወደ 120 ከፍ ሳደርገው እህቴ መነጽሯን አወለቀች። ‹‹አሁን ገና አየሁ›› አለች።

ይህን ሁሉ መቀየር የቻልነው በሊኑክስ ዓለም መልኩ ከሥርዓቱ ተነጥሎ ስለሚሠራ ነው። በፈረንጆች 1996 ማቲያስ ኤትሪሽ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ፣ ሊኑክስ አርአያ ባደረገው በአሮጌው ሥርዓት በዩኒክስ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች መልካቸውም አሠራራቸውም አለመመሳሰሉ ቢያስቸግረው ኬዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ጀመረ። ኤክስኤፍሲኢም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። ኬዲኢ የተሠራበት ኪውት የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ፣ ፈቃዱ ያን ጊዜ ማንም ቀይሮ እንዲያሰራጨው አይፈቅድም ነበርና፣ በ1997 ሁለት ሜክሲኳውያን፣ ሚጌል ዴ ኢካዛና ፌደሪኮ ሜና፣ ግኖምን ጀመሩ። በ2011 ግኖም 3 ሲወጣ መስኮት ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ ሳይቀር ተነሥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ተቆጣ። ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ፣ የሊኑክስ አባት፣ ጥሎት ወደ ኤክስኤፍሲኢ ሄደ፤ ኋላ ላይ ተመለሰ። አሮጌውን መልክ የወደዱት ደግሞ ማቴ የሚባል ዴስክቶፕ ሠሩ። ማቴ ደቡብ አሜሪካውያን አፍልተው የሚጠጡት ቅጠል ስም ነው፤ በቡና አገር ሆኜ ስሰማው ደስ ይለኛል።

እኔ ራሴ ኬዲኢ ፕላዝማን፣ የዛሬውን የኬዲኢ ዴስክቶፕ፣ ነው የምጠቀመው። ስክሪኔ 1366 በ768 ነው፤ ቁመቱ ያጥረኛል። ስለዚህ ፓነሉን፣ የምናሌውንና የቁልፎቹን ረድፍ፣ ከታች አንሥቼ በግራ ጎን አቆምኩት፤ ስጽፍ ሁለት ሦስት መስመር አተረፈልኝ። ሌላው ሰው በግራ ያለ ፓነል ያዞረዋል። ይዙረው፣ የራሱን ከታች ያድርግ!

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የእህቴን ላፕቶፕ ያየ አንድ ልጅ ‹‹ይሄማ ያረጀ መልክ ነው›› ብሏት፣ እሷም አፍራ ከደንበኛ ፊት መክፈት ትታ ነበር። እባካችሁ እንዲህ አትበሉ። ያ መልክ የእህቴ ዓይን፣ የእህቴ ሒሳብ፣ የእህቴ ማሽን የመረጠው ነው። ጅማ ውስጥ በርጩማ የሚገዛ ሰው ቆሞ አይገዛም፤ ቁጭ ብሎ፣ ግራ ቀኝ ነቅነቅ ብሎ ይሞክረዋል። ጎረቤቱ ረጅሙን ስለወሰደ ረጅሙን አይወስድም።

ሊኑክስም ቁጭ ተብሎ ይሞከራል። ጠረጴዛው ላይ አራት ፍላሾች አሉ፦ ግኖም፣ ኬዲኢ፣ ኤክስኤፍሲኢና ሲናመን የተባለ ሌላ ዴስክቶፕ። ሳትጭኑ ከፍላሹ ላይ ማስነሣት ትችላላችሁ፤ ‹‹ጫን›› የሚለውን እስካልነካችሁ ድረስ ዲስካችሁ ላይ ያለው አይነካም። ሲነሣላችሁ መጀመሪያ ‹‹ቡና›› ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ወንበራችሁ ላይ ደገፍ ብላችሁ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ርቀት አንብቡት። ‹‹ቢና›› ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።