የኮምፒውተር ክፍላችን ሲከፈት ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር

እንደምን አደራችሁ የድሬ ሰዎች! አካም ቡልተኒ፣ ሱባሕ ወናግሰን። ወላጆች፣ የስራ ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ግቢ ተምራችሁ ወጥታችሁ ዛሬ እነዚህን ኮምፒውተሮች ገዝታችሁ ያመጣችሁልን ልጆቼ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ስለመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም አስር ደቂቃ ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። ጥቅሙን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ስልክ የሌለው ቤት የለም። እኔ የመጣሁት ሌላ ነገር ልናገር ነው። ይሄ እቃ ልጆቻችንን አፋቸውን አዘግቶ የሚያስቀምጣቸው ከሆነ ባይመጣ ይሻለን ነበር፣ እንዲጠይቁ ካደረጋቸው ግን ለስልሳ ልጅ አንድ ስልክም ይበቃል። ይበቃል ስል ከምሬ ነው፣ አይቼዋለሁ።

ካቻምና ሚያዝያ ላይ ነው፣ አራተኛ ክፍል ሳይንስ ላስተምር ስገባ አንድ ልጅ ገና ደብተሩን ሳያወጣ "ቲቸር፣ ትናንት እዚህ ጠብ አላለም፣ ደቻቱ ወንዝ ከየት አምጥቶ ነው የሞላው?" አለኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከደጋ ነው የሚመጣው፣ ተቀመጥ ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጁም ደብተሩ ላይ "ከደጋ" ብሎ ይጽፋል አለቀ። ግን የዚያን ቀን እንጃ ምን እንደያዘኝ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ ብዬ ወደ ክፍሉ ዞርኩ። አንዱ ከመሬት ውስጥ ፈልቆ ነው አለ፣ አንዷ የጅቡቲ ባህር ሞልቶ ነው አለች፣ ሌላው ደግሞ ወርያ ሁላችንም ተኝተን ማታ ዘንቦ ነው አለ። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ማንንም ተሳስተሃል አላልኩም። ከዛ በምን እናረጋግጣለን አልኳቸው።

ስልኬን አወጣሁና የሳተላይት ካርታውን ከፈትኩ፣ በቡድን በቡድን እየሆኑ እየተቀባበሉ ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ የትምህርት ቤታችንን ቆርቆሮ አገኙ፣ ጩኸት ሆነ። ከዛ ደቻቱን፣ ያ ነጭ አሸዋ ከላይ ሲታይ መንገድ ነው የሚመስለው። ጣታችሁን አሸዋው ላይ አድርጋችሁ ሽቅብ ሂዱ አልኳቸው። ሄዱ። አሸዋው እየቀጠነ ቅርንጫፍ እያወጣ ተራራው ውስጥ ገባ። ያኔ ከኋላ ወንበር፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ተነስታ "ይሄማ ደንገጎ ነው፣ የአያቴ አገር!" አለች። እንደውልላት አለች። ደወልን፣ ድምጹን ከፍ አደረግነው፣ በኦሮምኛ አያቷን ትናንት ዘንቦ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፣ ያውም በረዶ የቀላቀለ አሉ። ክፍሉ ሲጮህ ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ።

የጅቡቲ ባህር ነው ያለችው ልጅስ? ስልኩ ላይ የድሬን ከፍታ ፈልጋ 1,200 ሜትር ገደማ መሆኑን አየች፣ "ባህሩ ታች ነው፣ ውሃ ሽቅብ አይወጣም" ብላ ራሷ ተነስታ ሰሌዳው ላይ ሀሳቧን ሰረዘችው። እኔ አልነገርኳትም። በስንት ዓመት ማስተማሬ ልጅ የራሱን መልስ በራሱ እጅ ሲሰርዝ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዛ ያቺ የደንገጎዋ ልጅ ደግማ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እዛ ሲዘንብ አያቴ ብትደውልልን ውሃው ሳይደርስ ሰው አይሸሽም?" አለች።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በ1998 ክረምት፣ በዚያ የጎርፍ ሌሊት፣ ሰው ያጣችሁ አላችሁ። ከ250 በላይ ነፍስ ነው ደቻቱ የወሰደብን። ይቺ ልጅ ያኔ አልተወለደችም። ይሄን ስትጠይቀኝ አስር ዓመቷ ነበር። ማንም ሳያስተምራት፣ በአንድ ስልክና በአንድ ጥያቄ እዚህ ደረሰች። እኔ መልሱን ብነግራት ኖሮ የሚጠፋው ይሄ ነበር።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ቴክኖሎጂ ክፍላችን ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ አይደል? በ1997 አካባቢ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ነበር የማስተምረው። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቃል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ እየሮጠ ያወራል፣ ጥያቄ ያወጣና ስሩ ይላል፣ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። ቆይ አይባል፣ ድገምልኝ አይባል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ፣ አይጠብቅህም። እኛ መምህራኑ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተውልን በቀረው ጥግ ይዘን እንቆም ነበር። አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና እኔን ሳይሆን ስክሪኑን አይቶ መልሶ አወረደው። ያ እጅ እስከዛሬ አይኔ ላይ አለ። ወደ አንደኛ ደረጃ ልዛወር ብዬ በራሴ ያመለከትኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ እጃቸውን ማውጣት ሳይተዉ ልድረስባቸው ብዬ።

ኋላም ሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ ኮምፒውተር መጣልን። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዛ ተቆለፈ! ላስቲክ እንደለበሰ። ለምን ሲባል ንብረቱ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል፣ ቢበላሽ ከደሞዙ ነው የሚቆረጠው። ሰውየውን አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን ልቆልፍ እችል ነበር። ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የኮምፒውተር ስዕል ስሎ ይሄ ማውስ ነው ይላል። በሶስተኛው ዓመት ሲከፈት አቧራና ሙቀት ጨርሷቸዋል። አንድም ልጅ ሳይነካቸው! ልጅ ሰበረው ቢባል እኮ ይሻለኝ ነበር፣ የሰበረ ልጅ ቢያንስ አንድ ነገር አውቋል።

ከዛ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ፣ አገር ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም እዚህ ላይ አልጭነውም። ግን አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ገልብጥ፣ ሸምድድ፣ ዝም በል ያልነው ልጅ አስብ ሲባል ከየት ያምጣው?

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ። የቤት ስራ ሲሰጣቸው ጠይቀውት እንዳለ ገልብጠው የሚመጡ አሉ፣ ትልልቆቹ። መከልከል አልችልም፣ ቤታችሁ ነው ያለው። እኔ የማደርገው የት ጋ እንደተሳሳተ ፈልጋችሁ ኑ ማለት ነው። ስለ ድሬ ሰፈሮች አንዳንዴ የሌለ ነገር ይጽፋል፣ ልጆቹ ከዚራንና መጋላን በእግራቸው ያውቁታልና ይይዙታል።

እዚህ ክፍል ኢንተርኔት ገና አልገባም፣ ያ ግን ሰበብ አይሆንም። ስክራች የሚባል ፕሮግራም ጭነናል፣ ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ያወጣው ነው፣ ነጻ ነው፣ ያለ ኔትወርክ ይሰራል፣ በአማርኛም ይከፈታል። ልጁ ትዕዛዞቹን እንደ ጡብ እየገጣጠመ ማሽኑን ያዘዋል፣ ካልሰራለት የት እንደተሳሳተ ራሱ ይፈልጋል። ልጅ ኮምፒውተርን ይዘዘው የሚለው ሀሳብ አዲስ አይደለም፣ ሎጎ የሚባለው የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የተሰራው። እኛ ጋ ለመድረስ ቆየ እንጂ።

ወላጆች፣ ከናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። ማታ ልጃችሁን ስንት አገኘህ ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ምን ጠየቅክ በሉት። ኮምፒውተሩ ከተበላሸም አብረን እናሰራዋለን፣ የማንም መምህር ደሞዝ አይነካም፣ ይሄንን ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን በቃለ ጉባኤ አስይዘናል።

የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ቢሮ ይቀመጣል፣ ሌላውን ያቺ የደንገጎዋ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ ይይዙታል፣ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናቸው፣ እዛ ጥግ ቆመዋል። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አራተኛ ክፍሎች ናቸው። ስራ የሌላችሁ ኑና ከኋላ ቆማችሁ እዩ፣ መልሱን ግን እንዳትነግሯቸው።