ዜሮው ከስንት ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ስለ ዜሮ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ከኡጋንዳ፣ ከራካይ ወረዳ አንድ ጥናት ወጣ። የኤችአይቪ መድኃኒት ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። አንዳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ሌላኛቸው ነፃ የሆኑ 415 ጥንዶች ክትትል ተደረገላቸው። ነፃ ከነበሩት 90ዎቹ ተያዙ። የቫይረሱ መጠን በሚሊ ሊትር ከ1,500 ቅጂ በታች ከሆነባቸው ሰዎች ግን አንድም አጋር አልተያዘም።

ደስ ይላል አይደል? ግን እነዚያ ሰዎች ስንት ነበሩ? 51። እስቲ 3ን ለ51 አካፍሉ። ወደ 6 በመቶ ይመጣል። ዜሮ ባገኛችሁ ቁጥር ይህቺ ስሌት አትለያችሁ። ከ51 ሰው ዜሮ ቢገኝም፣ እውነተኛው መጠን እስከ 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ይህ የዜሮው ጣሪያ ነው። በዚያ ዜሮ ብቻ አንዲትን ሚስት «አይዞሽ፣ አይተላለፍብሽም» ማለት አይቻልም ነበር።

በ2016 ፓርትነር የተባለው የአውሮፓ ጥናት ሌላ ዜሮ ይዞ መጣ። በመድኃኒት ቫይረሱ ከ200 ቅጂ በታች የወረደላቸው ሰዎችና አጋሮቻቸው፣ 888 ጥንዶች። ያለ ኮንዶም ወደ 58,000 ጊዜ ግንኙነት። በመሃል 11 ሰዎች ተያዙ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 11 ሰው ተይዞ እንዴት ዜሮ ይባላል? የቫይረሱ ዘረመል ሲመረመር፣ ከ11ዱ የአንዱም ከአጋሩ ቫይረስ ጋር አልተዛመደም። የመጣው ከሌላ ሰው ነው። ያ ምርመራ ባይደረግ መድኃኒት የሚወስዱት 11 አጋሮች ያለ ጥፋታቸው በሰንጠረዡ ላይ «አስተላላፊ» ሆነው ይቀሩ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

የዚህኛው ዜሮ ጣሪያ በዓመት ከ100 ጥንድ 0.3 ነው። ለወንድ ከወንድ ጥንዶች ግን መረጃው ስላነሰ ጣሪያው ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ታዲያ «ዜሮ አግኝተናል፣ ይበቃል» አላሉም። ቀጠሉ። በ2019 በወንድ ከወንድ ጥንዶች ያለ ኮንዶም ወደ 76,000 ግንኙነት ቆጥረው ከአጋር የተላለፈ አንድም አላገኙም።

በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ዜሮ ስትጽፉ፣ ከጎኑ ጣሪያውን ጻፉልኝ። ጤና ጣቢያ መጥታ «ባለቤቴ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ልጅ መውለድ እንችላለን ወይ?» የምትለው ሴት መልሷን የምታገኘው ከዚያ መስመር ነው።

አመሰግናለሁ።