ማሽኑ ጠቆመ፤ ማን ይጠየቅ?

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አድማጭ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ፊት የሚለየው ሶፍትዌር ከሰው ዓይን ይሻላል ይባላል። ፖሊስ ቢጠቀምበት ክፋቱ ምንድን ነው?»

መልስ፦ ሶፍትዌሩ «ሌባው እሱ ነው» አይልም። ይመስላሉ ያላቸውን ፊቶች ደርድሮ ያቀርባል፤ በቃ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር 2020 የዲትሮይት ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊን ሚስቱና ልጆቹ እያዩ በካቴና ወሰደው። ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ። መነሻው ከሱቅ ካሜራ የተገኘ ብዥ ያለ ምስል ነበር። «ምስክርም አለ» ተባለ። ምስክሯ ግን ስርቆቱን በዓይኗ አላየችም፤ ቪዲዮውን ብቻ ነው ያየችው። ከፎቶዎች መሃል ምረጪ ስትባል ሶፍትዌሩ ያመጣውን ሰው መረጠች። ይመስላላ! ሶፍትዌሩም ያመጣው ስለሚመስል ነው። ግምት ማስረጃ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በ2024 ከተማዋ በስህተት ለታሰረው ለዚህ ሰው 300 ሺህ ዶላር ልትከፍል ተስማማች። እኔን ከገንዘቡ ይበልጥ ደስ ያለኝ አዲሱ ደንብ ነው። በሶፍትዌሩ ውጤት ብቻ ማሰር ቀረ። ሌላ ማስረጃ ሳይኖር ሶፍትዌሩ ያመጣውን ሰው ፎቶ ለምስክር ማቅረብም ቀረ።

አድማጭ፦ «ወንጀል የት እንደሚፈጸም የሚተነብዩትስ?»

መልስ፦ እነሱ የሚማሩት ከፖሊስ መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ ፖሊስ የሄደበትን እንጂ ወንጀል የተፈጸመበትን ሁሉ አይዝም። ብዙ ፖሊስ የተላከበት ሰፈር ብዙ መዝገብ ያፈራል፤ ሶፍትዌሩም «እዚያው ሂዱ» ይላል። ዞሮ ዞሮ እዚያው። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ2020 እንዲህ ያለውን ፕሮግራም መጠቀም አቁሟል። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2025 ጀምሮ፣ በማንነቱና በባሕርዩ ግምገማ ብቻ አንድን ሰው «ወንጀል ይፈጽማል» ብሎ መተንበይ ክልክል ነው። ሰፈርን መተንበይ ግን በዚህ ክልከላ ውስጥ የለም። ለእኔ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

አድማጭ፦ «ኩባንያው አሠራሩ የንግድ ምስጢሬ ነው ካለስ?»

መልስ፦ እንግዲያው ፖሊስ አይግዛው። ቀልዴን አይደለም። በ2020 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሳውዝ ዌልስ ፖሊስን ፊት የሚለይ ሶፍትዌር አጠቃቀም ሕገ ወጥ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ በዘር ወይም በጾታ እንደማያዳላ ፖሊስ ራሱ አላጣራም ነበር። የኩባንያው ምስጢር ፖሊስን ከዚህ ግዴታ ነፃ አላወጣውም።