ሽንኩርትም ትኬትም የሚቆርጥ ትእዛዝ

እሱ፦ እሺ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ግልጽ ነው። ለሥራችን የሠራናት፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የምትሠራው የተርሚናል መሣሪያ ንዑስ ትእዛዞቿ በዝተዋል። 19 ደርሰዋል። እንዴት እናቅልላቸው?

እሷ፦ ከዚያ በፊት ግን ማክሰኞ ማታ የደረሰብኝን ልንገርህ።

እሱ፦ ድምፅሽ ላይ ንዴት አለ። ንገሪኝ።

እሷ፦ ሐዘንም አለው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ የሪፖርት ገጹን ስሠራ ነበር። ሰባት ፋይል ነካክቻለሁ። የኮድ ለውጥ የሚመዘግብልን ጊት ላይ ግን ኮሚት አላደረግኩም፣ ማለትም አልመዘገብኩትም። ለኮሚት የሚያዘጋጀውን ስቴጅም አላደረግኩም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደወለና «ሪፖርት የሚል ብራንች ፑሽ አድርጌያለሁ፣ እስቲ እዪልኝ» አለኝ። ለብቻው የሠራውን የኮድ ቅርንጫፍ ወደ ጋራው ሰርቨር ልኬዋለሁ ማለቱ ነው። እኔም ወደዚያ ብራንች ልቀየር «ጊት ቼክአውት ሪፖርት» ብዬ ኢንተር መታሁ።

እሱ፦ ፌች ሳታደርጊ? አዲሱን ከሰርቨር ሳታወርጂ?

እሷ፦ ሳላደርግ! ስለዚህ እኔ ላፕቶፕ ላይ በዚያ ስም ብራንች የለም። ግን ምን አለ? ሪፖርት የሚባል ፎልደር አለ።

እሱ፦ ውይ! ውይ ውይ።

እሷ፦ ጊት ብራንቹን ሲያጣ ፎልደሩን አገኘ። «ፎልደሩን ወደነበረበት መልስልኝ ማለቷ ነው» ብሎ መለሰው። አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሰባት ፋይል ከኢንዴክስ ታድሷል የሚል አንዲት መስመር ጻፈልኝ፣ አለቀ። የሠራሁት ጊት ዘንድ በነበረው በድሮው ቅጂ ተተካ ማለት ነው። የቀዳሁት ሻይ እንኳን ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እሱ፦ የጊት የታሪክ መዝገብ፣ ሪፍሎግ ላይስ አይገኝም?

እሷ፦ ሪፍሎግ ኮሚት የሆነውን ነው የሚያስታውሰው። የእኔ ሥራ ጊት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አንዱ ፋይል ኤዲተሬ ላይ ክፍት ስለነበር ኮንትሮል ዜድ እያልኩ መለስኩት። ስድስቱ ሄዱ።

እሱ፦ አይዞሽ። ግን አንድ ነገር ልበል። አንድ ቃል ብዙ ሥራ ስለሠራ ብቻ ክፉ ነው አልልም። የራሳችንን «ቆረጠ» እዪው። ሽንኩርት እንቆርጣለን፣ ትኬት እንቆርጣለን፣ ቀን እንቆርጣለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን። ማን ተሳስቶ ያውቃል?

እሷ፦ አንተ ልጅ! ትኬት ልቆርጥ ሄጄ ተስፋ ቆርጬ አልመለስም እኮ።

እሱ፦ ወረፋው ረጅም ከሆነ ትመለሻለሽ!

እሷ፦ ስማኝ። በአማርኛ ከፊቱ ያለው ስም ይለየዋል። ተስፋ የሚባል ሽንኩርት የለም። ጊት ላይ ግን ብራንቹም ፎልደሩም ሪፖርት ሊባሉ ይችላሉ። ቢላው የቱን እንደሚቆርጥ በምን ይወቅ?

እሱ፦ «ሆዴን ቆረጠኝ» የሚባልም አለ።

እሷ፦ ማክሰኞ ማታ የቆረጠኝ እሱ ነው። በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ መፍትሔው ድሮ መምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ጊት 2.23 ሲወጣ የቼክአውትን ሥራ ለሁለት ከፈሉት። ብራንች ለመቀየር ስዊች፣ ፋይል ለመመለስ ሪስቶር።

እሱ፦ ለዓመታት መመሪያው ላይ «ይህ ሙከራ ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው እኮ። ለዚህ ነው ሰው ያልለመዳቸው። ደግሞ ርዕሳችን ማቅለል አይደል? አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። ቼክአውትም አልጠፋም። ስለዚህ ሦስት ሆኑ። ይሄ ማቅለል ነው?

እሷ፦ ቁርጡን ልንገርህ?

እሱ፦ ደግሞ ቁርጥ መጣ።

እሷ፦ ቁጥሩን ተወው። ስሙን አይተህ ምን እንደሚሠራ ካወቅክ ቀሎልሃል። ስዊች የሚፈልገው ብራንች ብቻ ነው። ያን ማታ «ጊት ስዊች ሪፖርት» ብል ኖሮ፣ እንዲህ የሚባል የለም ብሎ ይቆም ነበር። በቃ፣ ይቆም ነበር! ሦስት ሰዓቴ ይተርፍልኝ ነበር።

እሱ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ዶከርን እዪ፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል በየሳጥናቸው የሚያስኬደውን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 በ1.13 ትእዛዞቹን በቡድን ከፋፈሏቸው። የኮንቴይነሩ ለብቻ፣ ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የኢሜጁ ለብቻ። የሚሠሩትን ኮንቴይነሮች ለሚዘረዝረው «ዶከር ፒኤስ»፣ «ዶከር ኮንቴይነር ኤልኤስ» የሚባል አዲስ ስም መጣለት። አሪፍ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ዛሬም ፒኤስ ነው የምጽፈው። አጭር ነው፣ እጄም ለምዶታል።

እሷ፦ አሮጌውንም አለማጥፋታቸው ደግ ነው። የስንቱ ሰው ስክሪፕት ይሰበር ነበር። ግን ለአዲስ ሰው አስብ። ባለፈው ወር የገባችው ልጅ «ፒኤስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዩኒክስ ከሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም የመጣ ነው፣ ፕሮሰስ ስታተስ ማለት ነው እያልኩ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ። «ዶከር ኮንቴይነር» ብላ ኢንተር ብትመታ ግን ለኮንቴይነር የሚሆነው ሁሉ ይዘረዘርላታል።

እሱ፦ አዲስ የምትሆነው አንድ ወር ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ትጽፈዋለች። አጭሩ ይሻላታል።

እሷ፦ በዚያ አንድ ወር ውስጥ ነው እንደኔ የሠራችው የሚጠፋባት!

እሱ፦ እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ። ግማሹን አልተቀበልኩም።

እሷ፦ ግማሹም ይበቃኛል። ሪስቶርን ትጀምራለህ?

እሱ፦ ሪስቶርን እጀምራለሁ። አዲስ ብራንች የምፈጥርበት «ቼክአውት ቢ» ግን ከጣቴ አይወጣም። ይልቅ የራሳችን 19 ትእዛዞች ቀሩ፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

እሷ፦ አንዱን ብቻ እናንሳ። «ክሊን»ን። ብቻውን ካሹን፣ ማለትም ጊዜያዊ ፋይሎቹን፣ ያጸዳል። «ኦል» ከጨመርክበት ዳታቤዙንም ያጸዳል።

እሱ፦ እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ እዚያው ጨመርኩት።

እሷ፦ አየህ፣ ቼክአውትም እንደዚህ ነው የሚወለደው። «አንድ መስመር ብቻ ናት፣ እዚያው ትግባ» ተብሎ። ሽንኩርትና ተስፋ በአንድ ቢላ።

እሱ፦ ይለያዩ። ግን «ካሽ ክሊን» ነው የምንለው ወይስ «ክሊን ካሽ»?

እሷ፦ ስሙ ይቅደም። እንደ ዶከር።

እሱ፦ ግሱ ይቅደም እንጂ! መጀመሪያ ምን ልሠራ ነው ብዬ ነው የማስበው።

እሷ፦ «ሽንኩርት ቁረጥ» ነው የምትለው ወይስ «ቁረጥ ሽንኩርት»?

እሱ፦ በአማርኛ አሸነፍሽኝ። በተርሚናል ገና ነው። እሱን ለሳምንት እናቆየው። ዳታቤዙን የሚያጠፋውን ግን ዛሬ ማታ ከክሊን ውስጥ አወጣዋለሁ።

እሷ፦ ስትጨርስ ኮሚት አድርገህ ተነስ። አደራ።