የአልጋ ዳር መዝገብ፦ ለቤት ለቤት ተንከባካቢዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ጅማ

የተከበራችሁ አባላት፣ ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ታማሚ ቤት ትታችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፤ እንደምን አደራችሁ፣ አካም ቡልታን። በዚህ ዝናብ ከኮቺም ከቦሳም ጭቃውን አልፋችሁ ስለተገኛችሁ በሥራ አስፈጻሚው ስም አመሰግናለሁ። አዳራሹን በነፃ የሰጡንንም እንዲሁ።

የዓመቱን ሥራ በአጭሩ ልበል፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። አዳዲስ አባላት ስለ እጅ መታጠብና ታማሚን አልጋ ላይ ስለማጠብ ሠልጥነዋል። ያገለገለ መርፌ በፌስታል ወደ ገንዳ መሄዱ ቀርቷል፤ ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ለጤና ጣቢያ ይመለሳል። ደም ለፈሰሰበት የሚሆነው በረኪናም በግምት መደባለቁ አብቅቷል፦ 5 በመቶ ከሆነው 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ፣ በየቀኑ አዲስ። በዚህ ኮርቻለሁ። ኩራቴ ግን ከዚህ አያልፍም።

ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን የአልጋ ዳር መዝገብ፣ ማለትም የታማሚው መገላበጥ፣ ቆዳውና ልኬቱ በየሰዓቱ የሚጻፍበት ደብተር ነው። «ወረቀት በሽተኛ አያድንም» ተባለ። «ክፍያችንን ለመቁረጥ የተዘየደ ነው» ተባለ። መዝገቦቹ ሲሰበሰቡ የታየውን ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሳምንቱ ገጽ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቁጭታ ተሞልቷል። ደም ግፊት ሰኞ 120/80፣ ማክሰኞ 120/80፣ እሑድም 120/80። እንዲህ ያለ የሰው ደም ግፊት የለም። ታማሚው 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አስቀምጦ ቢለካ እንኳ ከቀን ቀን ይለያያል። እያወራ ወይም ሽንቱን ይዞ ከተለካማ ከፍ ይላል።

መዝገቡ ለሊቀመንበር አይደለም፤ ከእናንተ በኋላ ለሚገባው ሰው ነው። በስትሮክ የተኛችና ራሷን ማገላበጥ የማትችል እናት ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ትገላበጣለች። ከረፋዱ 4፡00 ላይ በቀኝ የተኛችውን እናት 6፡00 ላይ የሚረከባት ሰው መዝገቡ ባዶ ከሆነበት «አሁን የተገላበጠች ትመስላለች» ብሎ እስከ 8፡00 ይተዋታል። ያ ዳሌ 4 ሰዓት ሙሉ ተጭኖ ዋለ ማለት ነው። ለአልጋ ቁስል ይህ ይበቃል።

ቆዳ የሚጎዳው በመጫን ብቻ አይደለም፤ በመጎተትም ነው። ብቻችሁን በብብት ይዛችሁ ወደ ትራስ ስትጎትቱ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ይቀራል፣ አጥንቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በመካከል ያለው የደም ሥር ይወጠራል። ሁለት ሆናችሁ በታጠፈ አንሶላ አንሡ። በጎን ስታስተኙም ቀጥ አታቁሙ፤ ከጀርባ ትራስ ደግፋችሁ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል። ሌላው ትራስ ከባት ሥር ይግባ፣ ተረከዙ ፍራሽ አይንካ። የተጎዳውን ቦታ በቅቤም ሆነ በቫዝሊን ማሸት ይቅር፤ የተዳከመውን ሥጋ ይብስ ያደቅቀዋል። ቤተሰብ በፍቅር እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ማስረዳት ግን የእናንተ ሥራ ነው።

የአልጋ ቁስል ሲጀምር ምልክቱን የሥልጠና ጽሑፉ «ቀልቶ ሲጫኑት የማይነጣ» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም። ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ዳሱት። ከዙሪያው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላላ ከሆነ፣ ጠቆር ካለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ፣ ታማሚዋም ካመማት፣ ጀምሯል። በ«ቆዳ» አምድ ውስጥ የሚጻፈው ይህ ነው፤ «ደህና» የሚል ቃል ለማንም አይጠቅምም። ዝናባችን ደግሞ ረጅም ነው። አንሶላ ሳይደርቅ የሚነጠፍበት ቤት ውስጥ ቆዳው ይርሳል፣ ቶሎ ይላጣል። ቢያንስ 3 አንሶላ እንዲኖር ቤተሰቡን ንገሩ።

በቱቦ ለሚመገብ ታማሚ ሁለት ደንቦች ይጋጫሉ። ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በሚመገብበት ጊዜና ከበላ በኋላ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ጀርባው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል። ከ30 በላይ ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ወደ ታች እየተንሸራተተ ጅራት አጥንቱን ይጎዳል። መቼ ቀና እንደሚል መቼ ዝቅ እንደሚል የሚወስነው የተመገበበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ ሁለቱም ይሳታሉ።

ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት» «ማታ» በሉ። ከሆስፒታል የሚመጣ ወረቀት ላይ 8፡00 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈው የእኛ 2 ሰዓት ነው። ለቁርስ የታዘዘ ኢንሱሊን ከቀኑ 8 ሰዓት ሲወጋ ቁርሱ ያለ መድኃኒት አለፈ፣ መርፌውም ያለ ምግብ ገባ። ላብና መንቀጥቀጥ ከታየና ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት አሩጡት።

ስለ ገንዘብ አላስረዝምም። መዋጮ ያልከፈሉ ብዙ ናቸው፤ ጓንት የሚገዛው ከዚያ ነው። ጓንት አጥቦ ደግሞ ማጥለቅ የጀመሩ እንዳሉ ሰምተናል። የታጠበ ጓንት ጓንት አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ እጅን በሳሙና መታጠብ ይሻላል።

በመዝገቡ ላይ አጥብቀው የተከራከሩት ዛሬ እዚህ የሉም። ስም አልጠራም፤ ቤታቸው ግን ከዚህ አዳራሽ የጅማውን መርካቶ ያህል እንኳ አይርቅም። እድር ቢሆን ቅጣቱን ፈርተው ይመጡ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ናችሁና ንገሩልኝ፦ መዝገቡ ያደክማል የሚሉ ከሆነ መጥተው አምዱን እንቀንስ ይበሉ፣ እንቀንሳለን። ያልለኩትን ለክተናል ብለው መጻፍ ግን ለድርድር አይቀርብም።

ከሻይ በፊት ገንዘብ ያዣችን ሪፖርት ያቀርባሉ። ከሻይ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ በአንሶላ ማንሣት ትለማመዳላችሁ፤ ፍራሹ ከኋላ ተዘርግቷል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የሚሰጥበት ሐሳብ ይህ ነው፦ መዝገቡ 4 አምድ ብቻ ይኑረው፣ ሰዓት፣ ጎን፣ ቆዳ፣ ፊርማ፤ መድኃኒትና ልኬት በሌላ ገጽ ይሁን፤ ተረካቢው የቀደመውን መስመር ሳያነብና ሳይፈርም ሥራ አይጀምር። የምትቃወሙ ካላችሁ ከአሁኑ ለጸሐፊያችን ተመዝገቡ።