ከቁፋሮው በፊት የሚነበብ ካርታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የማዕድን ባለሙያዎችና የብዝኀ ሕይወት ተመራማሪዎች፣

ዛሬ ከተሰበሰብንበት ከዚህ አዳራሽ ሳንርቅ፣ እዚሁ አራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደርቀው በወረቀት ላይ የተለጠፉ ዕፅዋት ተቀምጠዋል፤ በየወረቀቱም ሰብሳቢው፣ ቦታው፣ ከፍታውና ቀኑ ተጽፏል። እኔ የኖርኩት ከከርሰ ምድር በመሰርሰሪያ የወጣ ድንጋይ በሳጥን ስደረድር ነው። እኛም በሳጥኑ ላይ የጉድጓዱን ቁጥር፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን እንጽፋለን። በአንድ ልማድ ያደግን ሆነን ሳለ አንዳችን የሌላችንን ጽሑፍ አለማንበባችን ይገርመኛል።

ጽሑፉ ሲጎድል የሚሆነውን አንድ ወፍ ያሳየናል። ጣሊያናዊውን ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊን እ.ኤ.አ. በ1893 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ መካከል የተገኘው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቱራኮ ከየት እንደተያዘ የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልነበረው፣ መኖሪያውን ለማወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ ወፍ የሾላ ፍሬ እየለቀመ የሚኖረው በደቡብ ጫካዎቻችን ሲሆን፣ አዶላና ሻኪሶን የመሰሉ የወርቅ አገሮችም የሚገኙት በዚያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ታላላቅ የማዕድን ኩባንያዎች በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡ ሥፍራዎች ላለማሰስና ላለመቆፈር ቃል ገብተዋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የቱራኮው ሾላ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥናት እንዲደረግ ያዛል፤ እኔ ባየኋቸው ሥራዎች ግን የሥነ ሕይወት ባለሙያው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ዶዘሩ መንገድ ከጠረገ በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ጉዳትን ማስቀረት አልፎበታል፤ የሚቀረው ማካካስ ነው፤ ያረጀን ሾላ ደግሞ በችግኝ ብዛት ማካካስ አይቻልም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የፍለጋ ፈቃዱ ወሰንና የዝርያዎች መዝገብ ገና ከመነሻው በአንድ ካርታ ላይ ይቀመጡ። በዚያ ደረጃ መንገዱን ጥቂት መቶ ሜትር ማዞር ርካሽ ነው። ጉድጓዱንም ከሾላው ርቀን፣ መሰርሰሪያውን አዘንብለን፣ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ልናወጣ እንችላለን፤ ይህን የምናደርገው ገደል ሲገጥመን ነው፣ ለዛፍ ስንል ግን አድርገነው አናውቅም። በምትኩ ኩባንያዎች የሚለኩትን የዝናብና የከርሰ ምድር ውኃ መረጃ ለተመራማሪዎች ይስጡ። ተመራማሪዎችም፣ አትቀየሙኝና፣ በሥፍራው ምን ዝርያ እንዳለ ስንጠይቃችሁ መልሳችሁ ከሥራው ወቅት በኋላ ሲመጣ እኛን ሳይሆን ዶዘሩን ነው የሚጠቅመው።

ከተማችንን በሚያንጹት የድንጋይ ካባዎችም ቢሆን፣ ዘርና ሕይወት ያለበት የላይኛው አፈር ከገረጋንቲው ጋር ተደባልቆ መጫኑ ይቁም፤ ተለይቶ፣ ዝቅ ብሎ ይከመር።

ከምሳ በኋላ በቀጣዩ ክፍል ሁለቱ ካርታዎች፣ የፍለጋ ፈቃዱና የዝርያዎቹ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። እርሳስ ይዛችሁ እንድትገቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።