ጥግ የተለጠፈው ፎቶ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ነው። የአይፎን አፕ የሠራችሁ ታውቋታላችሁ። ፎቶ ስክሮል ቪው ውስጥ፣ ማለትም ይዘቱን ለማሸብለልና ለማጉላት በሚያስችል መስኮት ውስጥ፣ ታስገባላችሁ። ተጠቃሚው በሁለት ጣቱ ያሳንሰዋል። ፎቶው መሀል መቀመጥ ሲገባው ሄዶ ከላይ፣ ግራ ጥግ ላይ ልጥፍ ይላል። እንግዳ ሲመጣ በር ሥር እንደሚሸጎጥ አፋር ልጅ።

ይህቺ ባግ እኔን ሦስት ቀን በልታኛለች። የቆዩ ብራናዎችን ፎቶ የሚያሳይ አፕ እየሠራሁ ነበር። ያሠሩኝ አዛውንት ስልኩን ተቀበሉኝና ሞከሩት። «ልጄ፣ መጽሐፉ ለምን ይሸሻል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የመጀመሪያ ሐሳቤ ፎቶውን ራሱን ወደ መሀል መግፋት ነበር። ፍሬሙን፣ ማለትም ቦታውንና መጠኑን፣ በእጄ ቀየርኩት። ባለበት ሲሆን ደህና ነው፤ ሲጎላ ግን ይዘላል። ስክሮል ቪው ዙም የሚያደርገው ፎቶውን በያዘው ሣጥን፣ በቪው ላይ፣ ትራንስፎርም የሚባል የማጉያና የማሳነሻ ስሌት እያስቀመጠ ነው። እኔ ከአንድ በኩል፣ እሱ ከሌላ በኩል፤ አንድ መሪ ለሁለት መያዝ ሆነ። የአፕል ሰነድም ትራንስፎርሙ የተለወጠ ቪው ፍሬሙ አይታመንም ይላል። የሚገርመው፣ አፕል ራሱ ፎቶስክሮለር በሚባለው የድሮ ናሙና ኮዱ ፎቶውን መሀል ያደረገው ፍሬሙን በማንቀሳቀስ ነው። በትክክለኛው ቦታ ከተጻፈ ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም።

ለመሆኑ ጥግ የሚለጠፈው ለምንድን ነው? ስክሮል ቪው ትልቅ ነገር በትንሽ መስኮት እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ቆጠራውን የሚጀምረው ከላይ ግራ ጥግ፣ ከዜሮ ነው። ይዘቱ ከመስኮቱ ሲያንስ የሚሸበለል ነገር የለም። ስለዚህ ዜሮ ላይ ይቆማል። መሀል አድርገው ያለው ሰው የለም እኮ!

እንግዲህ ፎቶውን ተዉት። ዙሪያውን ባዶ ቦታ ስጡት። ይህ ባዶ ቦታ ኮንቴንት ኢንሴት ይባላል። ከስክሮል ቪው ስፋት የይዘቱን ስፋት ቀንሱ፤ ለሁለት አካፍሉ፤ ግማሹን ለግራ፣ ግማሹን ለቀኝ። በቁመትም እንደዚያው።

በቁጥር እንየው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ 4032 በ3024 ፒክስል ነው እንበል። አይፎን 14 ስክሪኑ 390 በ844 ፖይንት ነው፤ ፖይንት አፕል ስክሪን የሚለካበት አሃድ ነው። ፎቶው ስፋቱን ልክ እንዲሞላ ሲያንስ 390 በ292.5 ይሆናል። በቁመት 551.5 ፖይንት ይተርፋል። ግማሹ 275.75 ነው። ከላይ ይህን፣ ከታች ይህን ስትሰጡት ፎቶው መሀል ቁጭ ይላል።

አሁን ተጠቃሚው ሦስት እጥፍ ያጉላው። ስፋቱ 1170 ሆነ። ከ390 ላይ 1170 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 780 ነው። ግማሹ ከዜሮ በታች 390። እኔ ይህንን ቁጥር እንዳለ ነበር የሰጠሁት። ውጤቱ? ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ስክሪን የሚያህል ፎቶ ተሰወረ። ጣታችሁ እስኪላጥ ብትጎትቱ አይመጣም። እኚያ አዛውንት ደግሞ የግዕዙን መስመር ከመጀመሪያው ቃል ማንበብ ነው የሚፈልጉት። መጀመሪያው ቃል የለም! መድኃኒቱ አንዲት ቃል ናት፦ ማክስ፣ ከሁለት ቁጥር ትልቁን የምትመርጥ። ውጤቱ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ ይሁን፤ አለቀ።

ሌላው ጣጣ ሰዓቱ ነው። ስሌቱን ገጹ ገና ሲጫን በሚጠራው ቪውዲድሎድ ውስጥ ከጻፋችሁት የስክሮል ቪው ትክክለኛ መጠን ገና አልታወቀም። ዙሙ ካለቀ በኋላ ብቻ ከጠራችሁት ደግሞ ጣት እስኪነሳ ፎቶው ጥግ ይቆይና ድንገት ይዘላል። ያስደነግጣል። ስክሮልቪውዲድዙም ውስጥ ጥሩት፤ ጣቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሰላል። አቀማመጡ ሲለወጥ በሚጠራው ቪውዲድሌይአውትሰብቪውስ ውስጥም ድገሙት፤ ስልኩ ሲዞር ያድናችኋል። ስልኩ ሲዞር ትንሹን የዙም መጠንም እንደገና አስሉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ፎቶው ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ካለ ራሳችሁን አትጠርጥሩ። ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ሲስተሙ ለላይኛው ባር የራሱን ኢንሴት ይጨምራል። ይህን የሚወስነውን ኮንቴንትኢንሴትአጀስትመንትቢሄቪየርን ኔቨር፣ ማለትም በጭራሽ፣ በሉት። እኔ ይህን እስካገኝ አንድ ሙሉ ከሰዓት ሒሳቤን ስጠራጠር ውያለሁ።

ጭራሽ አልጎላም ካለ ደግሞ ትንሹም ትልቁም የዙም መጠን ሲጀመር 1 መሆኑን አስታውሱ። ዴሊጌቱም፣ ማለትም ስክሮል ቪው የሚጠይቀው የእናንተ ኮድ፣ የትኛው ቪው እንደሚጎላ መናገር አለበት። ፍላተር በሚባለው ሌላ የአፕ መሥሪያ የምትሠሩ ልጆች ፈገግ ስትሉ አየኋችሁ። አዎ፣ እናንተ ለማጉላት ኢንተራክቲቭ ቪወር አላችሁ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ በሻይ ሰዓት እናወራለን።

አሁን አፑን በትልቁ ስክሪን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ማክስ የሌለበትን፣ ቀጥሎ ያለበትን። ብራናው ሁለት ገጹ እንደተከፈተ ነው፤ ዓይናችሁን ግራው ገጽ ላይ አድርጉ። እስቲ ኬብል ያለው ሰው ያቀብለኝ።